ከጀብዱ ሜዳ በኋላ የጸናው ሐድራ

እ.ኤ.አ. በ1888 የቀቤናው መሪ የሐሰን እንጃሞ ጦር ጀብዱ ሜዳ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር አዛዥ በራስ ጎበና ዳጬ ሠራዊት ተመታ። ከቀደመው መሪ ከዑመር በክሳ ዘመን ጀምሮ በቀቤና የገነነው፣ ብዙ የጉራጌ ቤቶችን በጂሃድ ስም ያሰለፈው፣ ምኒልክንም ለዓመታት እረፍት የነሳው ኃይል በዚያ ውጊያ ተሰበረ። ያን ጊዜ የነበረ ታዛቢ ከዚህ በኋላ በዚህ አገር የእስልምና ነገር አበቃለት ቢል የሚፈርድበት አይኖርም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የጎረቤቶቹ የስልጤና የወለኔ የእስልምና ትውፊት ከዚህ ዘመን ይቀድማል፤ በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ግን እምነቱ በስፋት ሥር የሰደደው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ያስፋፉትም ጦረኞች አልነበሩም። ደረሳ ያስተማሩ፣ ለበሽተኛ ዱዓ ያደረጉ፣ የተጣላ ያስታረቁ፣ ሌሊቱን በዚክር ያነጉ ሼሆች ነበሩ።

የዚህ ሁሉ መናኸሪያ ሐድራው ነው። በቸሃ ምድር አብሬት፣ ከዚያም ዘቢሞላ፣ ወደ ምሥራቅ ጉራጌና ወደ ስልጤ ወገን ደግሞ ቃጥባሬና አልከሶ፤ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ላይ እነዚህን ስሞች ያልሰማ ትልቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ክርስቲያኑን ጨምሮ። ሐድራ መስጊድ ብቻ አይደለም። መስጊድ አለው፤ የሼኹ ቤት አለ፤ ቁርኣንና ፊቅህ የሚቀራበት የደረሶች ማደሪያ አለ፤ እንግዳ የሚያርፍበት ሰፊ ቤት አለ፤ ያለፉት ሼሆች የተቀበሩበት ስፍራ አለ፤ ያን ሁሉ ሰው የሚቀልብ የእንሰት ማሳም ከጓሮ አለ። ዘያሪው፣ ቦታውን ሊሳለም የሚጓዘው ምእመን፣ ስለቱን ይዞ ይመጣል። ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ መንዙማ ይወርዳል። ሼኹ ሲያልፉ ልጃቸው ወይም የቅርብ ኸሊፋቸው ቦታውን ይይዛል። ቦታው የሚከበረው በሰው ነውና ሰው ሲያልፍ እንዳይዘጋ በረካው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል።

ጉራጌ ለእንዲህ ያለ ቦታ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህሉ መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ የነባሮቹን አማልክት የዋቅን፣ የቦዠንና የደሟሙዊትን አምልኮ በሰፊው ጽፏል። ለእያንዳንዳቸው የተከለለ ቦታ፣ ከታወቀ ጎሳ የሚወለድ አገልጋይ፣ በዓመት አንዴ የሚከበር በዓልና የሚገባ ስለት ነበራቸው። ሌባና ቤት አቃጣይ የመብረቁን ጌታ ቦዠን ይፈራ ነበር፤ ሴቶች ወደ ደሟሙዊት ይማጸኑ ነበር። ሼሆቹ ይህን አምልኮ በዱላ አላሳደዱትም። አጠገቡ ሌላ በር ከፈቱ። ስለት የለመደ ሰው ስለቱን ወደ ሐድራው አዞረ፤ በመብረቅ ይፈራ የነበረ መሐላ በሼኹ ፊት የሚፈራ መሐላ ሆነ። ይህን ዛሬ እንደ ነቀፋ የሚያነሱት አሉ፣ ወደ እነርሱ እንመለሳለን። እኔ ግን ሐድራው እዚህ ምድር ላይ የጸናበት ዋናው ጥበብ ይህ ይመስለኛል። ጦር ያላደረገውን እንግዳ መቀበያው ቤት አደረገው።

ከጀብዱ ሜዳ ውጊያ በኋላ የመጣው አገዛዝ ለገበሬው ቀላል አልነበረም። መሬቱ ተለካ፣ ገባርነት ተዘረጋ፣ ነፍጠኛው በየኮረብታው ሰፈረ። የሹሙ ሃይማኖት ክርስትና ነበር፤ ስለዚህ ከሹሙ የተለየ ነገር የራሱ ማድረግ የፈለገ ሰው እስልምናን ቢይዝ አያስገርምም። ሹሙስ ለምን ዝም አለ? መልሱን ለማግኘት ወደ ሰሜን ማየት ያሻል። በ1870 ዓ.ም ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም መሳፍንት እንዲጠመቁ አስገድደው ነበር። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብሎ ራስነት አገኘ፤ ሼኽ ጦልሃን የመሰሉ ዑለማ ግን ተከታይ አስከትለው ሸፈቱ፣ ወሎም ለዓመታት በእሳት ነደደ። ያንን አይቶ የሚማር መንግሥት በደቡብ ተመሳሳይ እሳት መጫር አይፈልግም። ሼኽ ጦር ካላነሣና ገባሩን ካላሸፈተ ቢዘክር፣ ቢያስቀራ፣ ቢያስታርቅ ጉዳት የለውም። ይልቁንም ይጠቅማል፤ በሐድራው ውስጥ የታረቀ ነፍስ ገዳይ ለሹሙ ችሎት አይተርፍም። ይህ የተጻፈ ውል አልነበረም። ቢሆንም ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ የሐድራና የቤተ መንግሥት ግንኙነት በዚህ ልክ የሄደ ይመስላል።

አብሬትን የመሰሉ ሐድራዎች የሚከተሉት ቃዲሪያ የተባለውን የሱፊ መንገድ ነው። በዚክሩ ስሙ የሚነሣው ዐብዱልቃድር አል-ጂላኒ እ.ኤ.አ. በ1166 ባግዳድ ውስጥ ያረፈ ሊቅ ነው። ለአንድ ዚያራ ቦታ ዙፋን ሲለዋወጥ ምን እንደሚመጣበት ማየት የፈለገ የእርሱን መቃብር ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1508 የሳፋቪዱ ሻህ እስማኤል ባግዳድን ሲይዝ መቃብሩ ተደፈረ፣ ፈረሰ። በ1534 ዑስማናዊው ሱልጣን ሱለይማን ከተማዋን ሲወስድ አሳንጾ ቁባ፣ ማለትም ጉልላት፣ አቆመበት። በ1623 ሳፋቪዶች ተመልሰው ሲገቡ ጉዳት ደረሰበት፤ በ1638 ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ሲመለስ ደግሞ ታደሰ። መቃብሩ ባግዳድ ላይ ሱኒው ዑስማናዊና ሺዓው ሳፋቪድ የሚጣሉበት ትልቅ ድንጋይ ስለነበረ እያንዳንዱ አሸናፊ ድሉን በድንጋዩ ላይ መጻፍ ነበረበት። የኛዎቹ ሐድራዎች ግን በእንሰት መካከል፣ በሣር ክዳን ሥር ተቀምጠው ነው የኖሩት። ለድል አድራጊ የሚያጓጓ ወርቅም ጉልላትም አልነበራቸውም። ከተማ ውስጥ አለመሆን፣ ዝቅ ማለት፣ አንዳንድ ጊዜ ከግንብ ይልቅ ይጠብቃል።

በአገራችን ለባግዳዱ የሚቀርበው ባሌ ጎሎልቻ ያለው ድሬ ሼኽ ሁሴን ነው። በዚያ የተቀበሩት የሼኽ ኑር ሁሴን ስም በምሥራቅ ጉራጌና በስልጤ ሰዎች ዘንድም ይወደሳል። ያ መቃብር የባሊን ሱልጣኔት፣ የአፄዎቹን ዘመቻ፣ የግራኝን ጦርነት፣ የኦሮሞን መስፋፋት አሳልፏል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሐረሩ አሚር ዐብዱሽኩር መቃብሩን እንዳሳነጸ ይታወቃል፤ ባሌ ግን በግዛቱ ውስጥ አልነበረችም። አሚሩ ያንን ያደረገው ለጽድቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ያን ያህል ዘያሪ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ስም መትከል ከጦር የረከሰ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ ድሬ ሲደርስ ደግሞ አገሩን የምኒልክ ሹም ይዞት አገኘ፣ ወደፊት እንዳይሄድም ተከለከለ። ዘያሪው ግን በዚያው ዓመትም በባላ በትሩ እየተመረኮዘ ይመጣ ነበር።

ጣልያን ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። ፋሺስቶች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ሙስሊሙን ከንጉሡ ለመነጠል ሲሉ መስጊድ ያሠሩ ነበር። የአዲስ አበባው ታላቁ አንዋር መስጊድ የዚያ ዘመን ጅምር ነው። ሐጅ እንዲሄዱ ረዱ፣ ዐረብኛ እንዲማሩ ፈቀዱ። ብዙ ዑለማ ይህን ቸርነት ተቀበሉ፤ ከብዙ ዓመት ጭቆና በኋላ የመጣ ነበርና መቀበላቸውን ማቃለል አይገባም። ግን ያው ቸርነት ዘመኑ ሲያልፍ ዋጋ አስከፈለ። ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ የጣልያን ወዳጅ መባል ቀላል ክስ አልነበረም። ከየትኛውም ቤተ መንግሥት ራቅ ብሎ የቆየ ሐድራ ከዚያ ሐሜት ተረፈ። የቃጥባሬው ሼኽ ዒሳ ሐምዛን የመሰሉ ሼሆች ስማቸው ከጉራጌ አልፎ የገነነው በዚሁ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነው።

በኃይለ ሥላሴ ዘመን ሙስሊሙ በመንግሥት አነጋገር "በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም" ነበር፤ አባባሉ ዛሬም ሲነሣ ሰውን ያስቆጣል። የቃዲ ፍርድ ቤቶች ግን ተፈቅደው ነበር፣ ሐድራዎቹም በራሳቸው ዓለም ሠሩ። የጉራጌ ዳኝነት ከጥንትም በራሱ ባህላዊ ሕግ ነው፤ ሰባት ቤት የጆካ ቂጫ አለው፣ ክስታኔ ጎርደና ሴራ፣ መስቃንና ዶቢ ፈራገዘኘ። ሐድራው ከእነዚህ ጋር አልተፎካከረም፤ ሽማግሌዎቹ ያልቻሉትን፣ ምስክር የሌለውን፣ መሐላ የሚሻውን ነገር ወሰደ። ከብት የጠፋበት ክርስቲያን ወደ ሼኹ ቢሄድ ነውር አልነበረም፤ ሙስሊሙም ምድረ ከብድ አቦ ስለት ቢኖረው እንደዚያው። አሁን አሁን ይህን በመቻቻል ስም ከፍ አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ። ሰዎቹ ግን ከብታቸውን ነበር የሚፈልጉት።

ያ ዘመን ሐድራውን ይበልጥ የለወጠው በመንገድና በመርካቶ ነው። የመሬት ጥበትና የግብር ነገር ያስወጣው ጉራጌ አዲስ አበባ ገብቶ በቀን ሥራ፣ በሊስትሮ፣ በጉልት ጀምሮ ሱቅ ከፈተ። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሙስሊምና ክርስቲያን ነጋዴዎችን በአንድ አዋጥቶ መንገድ ሲያስቆፍር፣ ሳያስበው የዚያራ መንገድም ከፈተ። በፊት ዘያሪው በጀፎሮ፣ በዚያ ሰፊ የመንደር መስክ፣ በእግሩና በበቅሎው ነበር የሚመጣው፤ ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ መጣ። ስለቱም ተለወጠ። ቡላ፣ ቡናና ሙክት የነበረው ብር፣ ጨርቅ፣ ምንጣፍና ቆርቆሮ ሆነ። ሼኹ ከገበሬው ሌላ የመርካቶ ነጋዴ ሙሪድ (ተከታይ) አገኙ፤ ገጠር ያለ ሐድራ ከከተማ ገንዘብ መተንፈስ ጀመረ። ቀጥሎ የመጣውን ለመቋቋም የረዳውም ይኸው ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ሙስሊሙ ከብዙ ክርስቲያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ እኩልነት ጠየቀ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ኢድ አል-ፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አድርጎ አወጀ። መውሊድ የሐድራዎች ዋናው በዓል ነውና እስከዚያ ድረስ በመንግሥት ፊት ያልነበረ ነገር በአንድ ቀን በካሌንደር ላይ ገባ። ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጣ። ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬት እንዳይሸጥ፣ እንዳያከራይ፣ በስጦታም እንዳያስተላልፍ ተባለ። በዓሉ መንግሥታዊ ሲሆን በዓሉን የሚያበላው ማሳ የመንግሥት ሆነ። አንድ ሐድራ በስጦታና በወቅፍ፣ ለሃይማኖት በተወሰነ ይዞታ፣ ያገኘው መሬት ቢኖረው ሕጉ እንደማንኛውም ባላባት ይዞታ ነው የሚያየው። የጉራጌ ገበሬ አዋጁን ወደደው፤ ጭሰኛ የነበረ እንዴት ይጠላዋል? ስለዚህ ሼሆቹ ተከታዮቻቸው በሚያከብሩት አዋጅ ነው የተጎዱት፣ በዚህም ላይ ማንም ተቃውሞ ሊያነሣ አይችልም ነበር።

የቀረውን የደርግ ካድሬዎች ስብሰባ ሠራ። ስለት ኋላቀር ልማድ ተባለ፣ ጫት መቃም የሥራ ጠላት፣ የሼኹ እጅ መሳም የፊውዳል ቅሪት። ወጣቱ በዘመቻና በውትድርና ተበተነ። ዚያራው ሳሳ እንጂ አልጠፋም፤ ከመርካቶ የሚመጣ ቆርቆሮ ካድሬ አይመዘግበውም። በሼኹ ቤት ሌሊት የሚዘከርም ቀን ቀበሌ ተሰብስቦ ሊያጨበጭብ ይችላል። ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚያውቅ ሰው በጉራጌ አገር አይጠፋም።

የሐድራውን መሠረት የነቀነቀው ግን ከግራ የመጣው አልነበረም። ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም በኋላ የሃይማኖት መጽሐፍ ማስገባት፣ ወደ ሐጅ መሄድ፣ መስጊድ መሥራት ተፈቀደ። በቀይ ባሕር ማዶ የተማሩ ወጣቶች የተለየ እስልምና ይዘው ተመለሱ፤ ቁባ ቢድዓ (በሃይማኖት ላይ የተጨመረ ፈጠራ) ነው፣ በሼኹ ስም መለመን ሺርክ (በፈጣሪ ማጋራት) ነው፣ መውሊድ ነቢዩ ያላዘዙት ነው አሉ። ይህ ክርክር ለዓለም አዲስ አይደለም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሳዑዲዎች መዲናን ሲይዙ የነቢዩ ቤተሰቦች በተቀበሩበት በበቂዕ የነበሩትን ቁባዎች አፍርሰዋል። እዚህ የተሰበረ ቁባ እምብዛም የለም፤ የተሰበረው የአባትና የልጅ ወግ ነው። አባቱ ለአብሬት ሙክት የነዳ ልጅ፣ ያው ሙክት በኢድ ይታረድ እንጂ ወደዚያ አልነዳም አለ። ቀድሞ ሼኹን የሚቃወም ሹም ነበር፣ ከውጭ የመጣ። አሁን የሚቃወመው ከአንዱ ምንጣፍ የበላ ነው፤ በዚያ ላይ የሚጠቅሰው ቁርኣን ነው። ለዚህ ሐድራው የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። ከሹም ጋር የሚሠራው ዝምታ ከልጅ ጋር አይሠራም፤ ስለዚህ ሼሆቹ መጻሕፍቶቻቸውን ከፍተው፣ ለምን እንደምንዘይር እናስረዳ ብለው ማስተማር ነበረባቸው። አንዳንዶቹ ይህን አሳምረው ሠሩ።

በ2004 ዓ.ም መንግሥት ለሱፊነት በሚቀርበው፣ አሕባሽ በሚባለው አስተምህሮ ሥልጠና ሲያስገድድና ሙስሊሙ ተቃውሞ ሲወጣ፣ ሱፊነት ሳይወድ ከመንግሥት ጎን የተሰለፈ መሰለ። ገዢው ሱፊውን "ነባር እስልምና" እያለ ሲያሞግሰው ወጣቱ ይበልጥ ይሸሸዋል። ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ ከቤተ መንግሥት ተጠንቅቆ የኖረ ሐድራ ከቤተ መንግሥት ምስጋና መሸሽ ሲከብደው ማየት ያሳዝናል። ለአንድ ዚያራ ቦታ ከሚጠላው ገዢ ይልቅ በጣም የሚወደው ገዢ ያስፈራል እላለሁ።

በዚህ መሃል መሬቱ ራሱ ስም ቀየረ። በ1993 ዓ.ም ስልጤ በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ተለይቶ ዞን ሆነ። በ2015 ዓ.ም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች፣ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን። ቀቤናም ልዩ ወረዳ ነው። የሐድራዎቹ ሙሪዶች ዛሬ በሦስት በአራት የአስተዳደር ድንበር ተከፋፍለዋል። የቡታጅራ ሰው ወደ አብሬት ሲሄድ፣ የወልቂጤው ወደ አልከሶ ሲሻገር፣ ቱሪዝም ቢሮዎቹ ግን ቅርሱ የየትኛው ዞን ነው እያሉ ይመዘግባሉ። በ2012 ዓ.ም የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኝ፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሲጠየቅ የነበረ ነገር ተመለሰ። በሐድራ ደረጃ ግን ይዞታው በማን ስም ይሁን፣ በመጅሊስ፣ በሼኹ ቤተሰብ ወይስ በሙሪዱ ማኅበር፣ የሚለው ገና የሚያከራክር ነው። ወቅፍ በአገራችን የራሱ የሆነ የጠራ የሕግ ማዕቀፍ የለውም፤ ሼኽ ሞቶ ወራሽ ከተጣላና ተከራካሪዎቹ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ካልተስማሙ፣ ነገሩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው የሚይዘው የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ነው።

ከዚህ ሁሉ መሃል የሚያስቆጨው የመጽሐፉ ሳጥን ነው። የሐድራዎች ታሪክ በአገዛዞቹ መዝገብ ሲፈለግ የሚገኘው ግብር፣ ክስና ፈቃድ ነው። በራሳቸው በሼሆች እጅ ግን በዐረብኛና በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ የአገር ቋንቋ (ዐጀሚ) የተገለበጡ ኪታቦች፣ መንዙማዎች፣ የዘር ሐረጎች፣ የኸሊፋ ሹመት ጽሑፎች አሉ። ወረቀቱ እርጥበት የሚፈራ ነው፤ የቸሃ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። ዐጀሚውን የሚያነቡ ሽማግሌዎች እያለፉ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ሳጥኑን ለባዕድ ማሳየት አይወዱም፣ የካሜራ መብራት በረካ ይወስዳል ከማለት አይደለም፤ አንዴ ወጥቶ ያልተመለሰ ኪታብ ታሪክ በየሐድራው ስላለ ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከብዙዎቹ ሐድራዎች ብዙም አይርቅም። ዋናውን መጽሐፍ ከቦታው ሳያንቀሳቅስ እዚያው ምንጣፍ ላይ፣ ባለቤቶቹ እያዩ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ የሚያነሣ ቡድን ቢያቋቁም፣ ቅጂውንም ለሼኹ ቤት ቢያስረክብ፣ ብዙ ሳጥን ይከፈታል ብዬ እገምታለሁ።